ሳልሞት የተተከለልኝ ድንኳን

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ክረምት ላይ በከተማችን የሚያልፉ መንገደኞች የታክሲውን መስኮት በእጃቸው ጠርገው «ይሄ ሐይቅ መቼ መጣ?» ሲባባሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሐይቅ አይደለም፤ ሜዳ ነው። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መጥቶ ይተኛበታል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። በመሀሉ ባሉት ወራት ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ያለባቸው ዝይዎች ጫጩቶቻቸውን ይዘው ይዋኙበታል። እነዚህ ዝይዎች ከዚህች አገር ውጪ የትም አይገኙም። የእኛ ሰው ግን ዝይ ሲባል የሚያስበው ፈረንጅ አገር ነው።

የአክስቴ ልጅ ባሕር ካለበት አገር ሠርታ ስትመለስ ወሬዋ ሁሉ ስለ ባሕሩ ሆነ። እሑድ እሑድ ሰው ወደ ባሕሩ ዳር ይወጣል፣ ሠዓሊው ሥዕሉን ይሰቅላል፣ ሙዚቀኛው ይጫወታል፣ ልጆች ስለ ዓሣ ይማራሉ። «እናንተ ጋ ምን አለ? ጭቃ!» አለችኝ። ጭቃ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚጠራ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ ጭቃ ውስጥ ስንት ነፍስ እንዳለ አውቃለሁ። ቁጡ ነኝ። ይህን ተማሪዎቼም፣ ጎረቤቶቼም፣ ነፍሱን ይማረውና ባሌም ያውቁታል።

«የሜዳው ቀን» የምንለውን ነገር የጀመርነው በዚያች ልጅ ንግግር ተናድጄ ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሰበታ የሚኖር ዓይነ ስውር አኮርዲዮን ተጫዋች ወዳጄ፣ እና ቡራዩ ያለች ወፍ ብቻ የምትሥል ሠዓሊ። በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ በሜዳው ዳር ባለው አዳራሽ ሥዕሎቹን በገመድ እንሰቅላለን፤ እኔ ሜዳው ላይ ካለው ኩሬ አንድ ጠብታ ውሃ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አሳያለሁ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ወዳጄ የመጣውን ሰው ሁሉ ዓይን ያስጨፍንና እንቁራሪቶቹን ያስደምጣል። እሱ ማየት የሚባለውን ነገር ብዙም አያከብረውም። «ዓይን ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ባያችሁ ቁጥር ሌላውን ትተዋላችሁ» ይላል። የሚመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከዝናብ የሚጠለል መንገደኛ፣ የሠፈር ልጆች፣ አንዳንዴም መንገድ የጠፋበት በሬ። ቢሆንም በየዓመቱ እናደርገው ነበር።

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። እንደ ወትሮው አዳራሹን ልጠይቅ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ኃላፊ የድሮ ተማሪዬ ነው። ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ቲቸር፣ አዳራሹ ተይዟል።»

«በማን?»

«በስብሰባ።»

«በየትኛው ስብሰባ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ገና ተማሪ ሳለም ያልሠራውን የቤት ሥራ ስጠይቀው እንዲሁ ደብተሩን ያስተካክል ነበር። «ግድ የለም፣ ሜዳው ላይ እናደርገዋለን» ስለው ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። ኩሬው ያለበት የሜዳው ክፍል ለመጋዘን ተሰጥቷል አለኝ። በመንገዱ በኩል አፈር መደፋት ጀምሯል፤ ጳጉሜ ላይ ደግሞ ኩሬው ራሱ ይሞላል።

«ውሃውስ?»

«ውሃውማ ይደርቃል፣ ቲቸር።»

ይህን ልጅ ውሃ እንደማይጠፋ፣ ቦታ ብቻ እንደሚቀይር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከኩሬው በታች የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኞች የተከራዩዋቸው የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል። ውሃው ቦታ ሲቀይር የሚገባው እዚያ ነው። ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የሚያውቀውን ነገር መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ እንደ ደረስኩ ቆረጥኩ፤ አፈሩ በሚመጣበት ቀን፣ እዚያው ኩሬው አጠገብ፣ የሜዳው ቀን ይከበራል።

ድንኳን ግን ያስፈልጋል። የጳጉሜ ዝናብ ለማይክሮስኮፕ አያዝንም። ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች ዘንድ ዞርኩ፤ ቦታውን ስነግራቸው ሁሉም «እዚያ አንገባም» አሉኝ። ወሬው ቀድሞኛል ማለት ነው። የቀረኝ አንድ ድንኳን ብቻ ነበር፤ እሱም የእድራችን ነው።

የእድር ድንኳን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልናገር። የሚወጣው ለሞት ነው። ከአንድ ደጃፍ ላይ ከታየ እዚያ ቤት ሰው ሞቷል፤ ጥያቄ የለውም። ጠበኛህ ቢሆንም ገብተህ ትቀመጣለህ። እኔ ልጅ የለኝም፤ ለባሌ ያለቀስኩት ከዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጬ ነው። እኔም በተራዬ ስሄድ «እዚህ ቤት ሰው ነበረች» ብሎ ለመንገደኛው የሚናገርልኝ ያው ሸራ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ የዕቃ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእድሩን ዳኛ ሁላችንም ኦቦ ዳኛ ነው የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ የነበሩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው።

«አከም ቡልታን፣ ኦቦ ዳኛ?» አልኩ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ምነው አስተማሪ፣ በደኅና ነው?»

ጉዳዬን አስረዳሁ። ኦቦ ዳኛ እስክጨርስ ጠብቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ድንኳን ለሞት ነው፣ ልጄ። ለወፍ አይወጣም።»

«እኔ ስሞት ይወጣልኛል?»

«እንዴታ! የቆየሽ አባል ነሽ።»

«እንግዲያው አሁን አውጡልኝ። ስሞት ያለ ድንኳን ቅበሩኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። ሌላው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ፣ አልዋሽም፣ ፈራሁ። ግን አንዴ ተናግሬዋለሁ፤ የተናገርኩትን መልሼ የመዋጥ ልማድ ደግሞ የለኝም።

«በቁጣ የሚናገሩት ነገር ኋላ ይጸጽታል» አሉ ኦቦ ዳኛ።

«እኔ በቁጣ ያልሠራሁት ነገር የለም፣ ኦቦ ዳኛ። ትዳሬንም የያዝኩት በቁጣ ነው፤ እስኪሞት አብሬው ኖርኩ።»

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዙረው በኦሮምኛ ተመካከሩ። ቋንቋውን እንደምሰማ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ለወጉ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ «ይህቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት?» ሲሉ ሌላው «ሆናም አታውቅ» አሉ። በመጨረሻ ኦቦ ዳኛ ተነሡ። «ይውጣልሽ። በእኛ ፊት የተባለ ነገር ግን አይታጠፍም።»

«አይታጠፍ» አልኩ።

በማግስቱ፣ አፈሩ ይመጣል በተባለበት ቀን ማለዳ፣ ድንኳኑ ሜዳው ላይ ቆመ። ከኩሬው ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ የገልባጭ መኪኖቹ መምጫ አፍ ላይ ነው ያስተከልኩት። ሠዓሊዋ ሥዕሎቿን በገመድ ሰቀለች። ወዳጄ በመጀመሪያው ታክሲ ከሰበታ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ደርሷል። እኔ ማይክሮስኮፔን እያስተካከልኩ ነበር። ሁሉ ነገር ባሰብኩት መንገድ የሄደው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ አልነበረም፤ ጫንጮ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ነበር። ማለዳ ሲመለስ የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቶ ድንኳኑ የለም። ዕቃ ጠባቂውን «ለማን ወጣ?» ብሎ ጠየቀው። «ለአስተማሪዋ» አለው። ውሸት የለበትም፤ የወጣው በእኔ ስም ነው። ጡሩምባ ነፊውም ሌላ አልጠየቀም። የእድር ድንኳን ለአንድ ሰው ከወጣ ምን የሚጠየቅ ነገር አለ? ጡሩምባውን አንሥቶ ከላይኛው ሠፈር ጀመረ። አስተማሪዋ ዐርፋለች፣ ድንኳኑ ሜዳው ላይ ነው፣ ያልሰማህ ስማ! ድንኳኑ ከቤቴ ደጅ ይልቅ ሜዳ ላይ መሆኑ እንኳ ማንንም አላስገረመም። እሷ መቼም እብድ ነበረች፣ ተናዝዛ ይሆናል ብለዋል፤ ኋላ ነው የሰማሁት።

ቀድሞ ያወቀው ወዳጄ ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ «ለቅሶ እየመጣ ነው» አለ።

«የማን ለቅሶ?»

ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘነበለ። ከዚያ ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ። «የሚጠሩት ስም ያንቺ ነው።»

ዞር ስል ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በሜዳው ጠርዝ እየጎረፉ ነው። ከፊት ከፊት የምታለቅሰው የአጥር ጎረቤቴ ናት። አውራ ዶሮዋ የተከልኩትን ችግኝ ጭሮ ካጠፋብኝ ወዲህ ሰላምታ እንኳ አንለዋወጥም ነበር። አሁን ደረቷን እየመታች «እህቴ! ደግዋ! ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ!» ትላለች። ባለፈው ሳምንት በአጥር ላይ ያልኳትን ብትደግመው ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ በተመለሰ። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ እኔ ግን በሞቴ ያገኘሁትን ምስጋና በሕይወቴ ሙሉ አላገኘሁትም። ትንሽ ብደበቅና ብሰማ ደስ ባለኝ፤ ግን የት እደበቃለሁ? ሜዳ ነው።

ከድንኳኑ ብቅ አልኩ። ጎረቤቴ አየችኝና እንደ ቆመች ቀረች። ከኋላዋ ያሉ አሮጊት «ሂንዱኔ! ሂንዱኔ! አልሞተችም!» ብለው ጮኹ። አንዲቱ እልል አለች፣ ሌላዋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ነጥቃ በሱ ደጋግማ መታችኝ።

«ምነው! ምነው ሳትሞቺ! አንቺ ሴትዮ ሰው እንዴት ታስለቅሻለሽ!»

«እኔ አልቅሺ አላልኩሽም!»

«ለሰው ሞት አነሰው!» አለችና አንገቴን አቅፋ እንደ ገና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አስለቀሰኝ ብትሉኝ አላውቅም።

እንግዲህ ሟቿ ካልሞተች ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አልተመለሰም። አንደኛ፣ ዝናቡ ጀመረ። ሁለተኛ፣ በጡሩምባ ተጠርቶ ድንኳን የገባ ሰው ሳይቀመጥ ቢወጣ ነውር ነው፤ ማን የመጀመሪያው ሆኖ ይውጣ? ስለዚህ ተቀመጡ። ዓይናቸው ሥራ ሲፈታ ሥዕሎቹ ላይ ዐረፈ። አንድ ሽማግሌ ሰማያዊ ክንፍ ያላትን ዝይ አይተው «ይህቺንማ አውቃታለሁ፤ የእኛ ሜዳ ናት» አሉ። «የእኛ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጣፈጠኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ሕዝብ ለሞቴ ሲመጣ ነው የተሰበሰበው። ይሁን፤ ከመጡ በቂዬ ነው።

ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ገልባጭ አፈሩን ጭኖ ደረሰ። ሌሎችም ከኋላው ነበሩ። ሾፌሩ ድንኳኑን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወረደ። ከደቡብ የመጣ፣ አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ጎልማሳ ነው። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ እኔኑ ጠየቀኝ።

«ማን ናቸው ያረፉት፣ እናቴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ጌታ ያጽናዎት» አለ፣ ከልማድ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ መጋዘኑንም፣ ኩሬውንም፣ ጡሩምባ ነፊውንም። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ወደ ድንኳኑ ውስጥ አሻግሮ የተቀመጠውን ሰው አየ። «እኛ አገር ለቅሶ ፊት አፈር አይደፋም። እዚህ ከደፋሁ ሚስቴ ቤት አታስገባኝም» አለ። ገብቶም አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከኋላው ያሉት ሾፌሮችም አንድ በአንድ ወረዱ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከሰዓት ተማሪዬ መጣ። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። አዳራሽ ከልክሎኝ በሳምንቱ ሞተች ሲሉት ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። «ቲቸር…» አለ። እኔ ግን ለማጽናናት ጊዜ አልነበረኝም። «በጊዜህ ደረስክ፣ ና ማንቆርቆሪያውን ያዝ» አልኩት።

ድንኳኑ መሀል ሁለት ትሪ አዘንብዬ አስቀምጬ ነበር። በአንዱ ከሜዳው ከነሥሩ የተነሣ ሣር አለ። በሌላው መኪኖቹ የሚያመጡትን ቀይ አፈር ጠቅጥቄበታለሁ። ሣሩ ላይ እንዲያፈስ ነገርኩት፤ አፈሰሰ። ሣሩ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ኋላ ከሥሩ ጥቂት ጥቂት እያለ አንጠባጠበ። አፈሩ ላይ ሲያፈስ ውሃው አንድ አፍታም አልቆየም፤ ተንሸራቶ ጫማው ውስጥ ገባ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች እግራቸውን ሰበሰቡ። ማንም አልሳቀም።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። ከኩሬው በታች ካሉት ቤቶች በአንዱ ተከራይታ የምትኖር፣ ፋብሪካ የምትሠራ ናት። «አምና ውሃው አልጋዬ ሥር ገብቶ ልጄን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ነው ያደርኩት» አለች። «ይሄ ሜዳው ሳይነካ ነው። ሜዳው ሲሞላስ እኔ ልጄን የት ላስተኛው?» የጠየቀችው እሱን ነው፤ ድምፅዋ ግን አልከረረም፤ የእውነት ማወቅ ስለፈለገች ነው የጠየቀችው። ከዚያ በኋላ ሌላው ተነሣ፣ ሌላዋም ተነሣች። ተማሪዬ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቆሞ ሰማ።

ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ቲቸር።»

«ያልወሰንከውን ነገር ታዲያ ለምን በአፍህ ትሸከማለህ?»

ወደ ኦቦ ዳኛ ዞረ። ድንኳኑ መቼ እንደሚነሣ በአክብሮት ጠየቃቸው። ኦቦ ዳኛ ከማለዳ ጀምሮ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። «ጡሩምባ ተነፍቷል» አሉ። «ጡሩምባ የተነፋለት ድንኳን ከሠልስት በፊት አይነቀልም።»

«ግን እኮ አልሞቱም!»

«እሱ የእሷ ጉዳይ ነው» አሉ ኦቦ ዳኛ።

ስለዚህ እስከ ሠልስት ተቀመጥን። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል ወዳጄ አኮርዲዮኑን ላውጣ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አንዲት አሮጊት «ለቅሶ ቤት?» ብለው ተቆጡ። ኦቦ ዳኛ «ሟቿ ከፈቀደች ምን ገዶን» አሉ። ፈቀድኩ። ትንሽ ተጫወተና አቆመ፤ ከዚያ ሁሉንም ዓይን አስጨፈነ። ሽማግሌው፣ ሾፌሩ፣ ጎረቤቴ፣ ተማሪዬ ሳይቀር ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቁራሪቶቹ በዙሪያችን ሜዳውን ሞልተውታል። ወዳጄ እጁን እያነሣ ወፍራሙ ድምፅ ከየት፣ ቀጭኑ ከየት እንደሚመጣ ያመለክታል። በመጨረሻ እጁን ወደ መንገዱ በኩል ዘረጋና «እዚያ ጋ ምን ትሰማላችሁ?» አለ። ምንም። «አምና እዚያ ነበሩ» አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ገልጦ ወደዚያ አየ፤ አስቀድሞ የተደፋው የቀይ አፈር ክምር ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር ራሱን በእጁ ያዘ። ያን አፈር የደፋው እሱ ነው።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው ወደ ቢሮዎቹ ሄዱ፤ እኔን ግን አልወሰዱኝም። «አንቺ ሟች ነሽ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገሩኝም። በሠልስቱ ማለዳ መኪኖቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዞሩ ታዘዘ። ተማሪዬ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። «ለጊዜው ቆሟል» ነው ያለው፤ ይህችን «ለጊዜው» አውቃታለሁ። አላመሰገንኩትም። አንድ ሰው ሊያጠፋው የነበረውን ነገር ስለተወ አይመሰገንም። ሻይ ግን አጠጣሁት።

ሜዳው እስካሁን አለ። ከርሞ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እንደማውቅ መስዬ ላጽናናችሁም አልፈልግም። መጋዘን የሚፈልገው ሰው አልሞተም፤ እኔም አልሞትኩም። ሁለታችንም እያለን ጉዳዩ አያልቅም።

ድንኳኑ ተነቅሎ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ ኦቦ ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቤቴ መጡ። አረፍ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለዚህ ጉዳይ ብለው ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

«መክረናል» አሉ። «ድንኳኑ ላንቺ ሳይሆን ለሠፈሩ የወጣ ነው ብለናል። ያንቺ ድርሻ እንዳለ ነው። ስትሞቺ ይወጣልሻል።»

ደግነታቸው ገባኝ። ልቤም ተነካ። ከባሌ ሞት ወዲህ ስለ መጨረሻዬ ተጨንቆ ቤቴ ድረስ የመጣ ሰው አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ ብል፣ «እሺ» ብል፣ ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። ግን ከዚያ በኋላ ምን ይቀራል? አንዲት ቁጡ አሮጊት ሽማግሌዎችን ሸውዳ፣ ሰውን አስለቅሳ፣ ንፍሮ አስበልታ ያሳለፈችው ጨዋታ ሆኖ ይወራል። መኪኖቹ ዳግም ሲመጡ «እሷ እኮ ያኔም ስታስመስል ነበር» ይባላል። እኔ አላስመሰልኩም። ያለኝን አንድ ነገር ሰጥቼ የወሰድኩት ነው።

«አልቀበልም፣ ኦቦ ዳኛ» አልኳቸው። «በእናንተ ፊት የተባለ አይታጠፍም ብላችኋል። ድንኳኔን ወስጃለሁ፤ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም።»

«ልጄ፣ በእኛ እድር ያለ ድንኳን የተቀበረ ሰው የለም።»

«እኔ የመጀመሪያዋ እሆናለሁ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወለሉን አዩ። ኦቦ ዳኛ እንደ ልማዳቸው ሳይቸኩሉ፣ እንደ አባት፣ የመጨረሻ መከራከሪያቸውን አቀረቡ።

«ክረምት ላይ ብትሞቺስ? ለቀስተኛው ሁሉ ይበሰብሳል እኮ።»

«ይበስብስ» አልኳቸው። «ዝናብ የሚፈራ ሰው እኔን እንዲያለቅሰኝ አልፈልግም።»